ደመወዝ ቢቆም ስንት ወር?

ስልክ ከፍተን ሀብታም ስናይ መልኩ ሁሌ አንድ ነው። አዲስ መኪና፣ ሰፊ ሳሎን፣ የሚያብረቀርቅ ሰዓት። ከጀርባ ባሕር ወይ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ። «ዲታ ነው!» ብለን እናልፋለን። መኪናው የራሱ ይሁን የኪራይ፣ ቤቱ በብድር ይሁን በጥሬ ገንዘብ፣ ምስሉ አይነግረንም። እኛም አንጠይቅም።

«ሀብታም ይሁኑ» የሚል ምክር እንደ ዛሬ የረከሰበት ጊዜ የለም። አጭር ቪዲዮ የሚሠራው ሁሉ የሀብት ምስጢር አለው። ሀብታም መሆን ምን እንደሆነ ቆም ብሎ የሚያስረዳ ግን እምብዛም ነው። ብዙ ማግኘት ነው? ብዙ ማስቀመጥ? ወይስ ብዙ ማውጣት? ሦስቱ አንዳንዴ እርስ በርስ ይጣላሉ።

የሒሳብ ሠራተኛ ብንጠይቅ መልሱ አጭር ነው። ያለዎትን ንብረት በሙሉ ይደምሩ፤ ዕዳዎን ይቀንሱ፤ የቀረው የተጣራ ሀብትዎ ነው። የዓለምን ሀብት እየለኩ በየዓመቱ የሚወጡት ትልልቅ ሪፖርቶችም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ጥሬ ገንዘብ፣ አክሲዮን፣ ቤትና መሬት ይደመራል፤ ብድር ይቀነሳል።

የዚህ ስሌት ትልቁ ጥቅም ገቢን ከሀብት መለየቱ ነው። ማይክ ታይሰን በ1986 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ገና በ20 ዓመቱ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በቦክስ ዘመኑ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳገኘ ይገመታል። በ2003 ግን ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከስሬያለሁ ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ገንዘቡ መግባቱን ገብቶ ነበር። አልቆየም እንጂ። በትንሹም ቢሆን የታይሰንን መንገድ የያዙ ብዙ ደመወዝተኞች አሉ። ደመወዛቸው ሲጨምር ወጪያቸው ቀድሞ ይጨምራል፤ ወሩ ሲያልቅ ሁሌም እዚያው ናቸው።

ስሌቱ ግን የራሱ ጉድ አለው። ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንዷ በትምህርት ብድር 200 ሺህ ዶላር ዕዳ ይዛ ትናንት የተመረቀች ሐኪም ናት። ሌላው ምንም የሌለው፣ ምንም ዕዳም የሌለበት የቀን ሠራተኛ ነው። በተጣራ ሀብት ስሌት ሐኪሟ ከእሱ በ200 ሺህ ዶላር ትበልጣለች፤ በድህነት! በዓለም የሀብት ሰንጠረዥ ታችኛው እርከን ላይ ከሀብታም አገሮች የመጡ ባለዕዳዎች የሚገኙትም በዚህ ምክንያት ነው። ከሁለቱ አንዱን ሁን ቢባል ግን ማን የቀን ሠራተኛውን ይመርጣል? ሐኪሟ ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ነገር በወረቀት ላይ አልተቆጠረላትም።

ስለዚህ እኔ ሌላ ጥያቄ ይሻለኛል። ደመወዝዎ ወይም የዕለት ገቢዎ ዛሬ ቢቆም፣ የማንንም ደጅ ሳይጠኑ ስንት ወር መኖር ይችላሉ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ ብዙ የገንዘብ አማካሪዎች ይጠይቁታል። እነሱ ግን ቶሎ ወደ «ቁጠባዎን ያሳድጉ» ይሻገራሉ። እኔን የሚስበኝ ጥያቄው ራሱ ክፍልፋይ መሆኑ ነው። ከላይ ያለዎት አለ፣ ከታች የሚያስፈልግዎት አለ፤ መልሱ የሁለቱ ውጤት ነው። በወር 10,000 የሚያገኝ፣ 9,800 የሚያወጣ፣ 20,000 ያስቀመጠ ሰው ሁለት ወር ገደማ ነው ያለው። በወር 2,000 አግኝቶ 1,000 የሚያወጣ፣ ያንኑ 20,000 ያስቀመጠ ሰው ደግሞ 20 ወር አለው። አለቃው ሲሳደብ የትኛው ነው ቀና ብሎ መልስ የሚሰጠው? ሐኪሟም ብትሆን ከአንዱ ሆስፒታል ብትወጣ ሌላው ይቀበላታል። የእሷ ባዶ ወራት ጥቂት ናቸው። ሙያ ከላይኛው ቁጥር ጋር የሚደመረው ለዚህ ነው።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለ ላይኛው ቁጥር ነው። ቪዲዮውም፣ ምክሩም፣ ቅናቱም እዚያ ላይ ነው። እውነተኛው ነገር ያለው ግን ታች ነው። የታችኛውን ቁጥር ማን እንደሚጽፈው ስንመረምር ሀብት የግል ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ይገባናል።

መጀመሪያ የምንጽፈው እኛው ነን፤ በልማድ። በ1978 በአሜሪካ የተሠራ አንድ ጥናት ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች ካልደረሳቸው ጋር አነጻጸረ። ባለዕድለኞቹ ብዙም የተለየ ደስታ አልነበራቸውም። በትንንሽ የዕለት ተዕለት ነገሮች የሚያገኙት እርካታ እንዲያውም አንሶ ተገኘ። ይህ ጥናት «ሰው ሁሉን ይለምዳል» ለሚሉ ሰዎች እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ሲጠቀስ ኖሯል። 22 ሰው ግን ትንሽ ነው። በ2020 የታተመ የስዊድን ጥናት በጣም ብዙ ባለሎተሪዎችን ተከታትሎ ትልቅ ገንዘብ የደረሳቸው ሰዎች ከአሥር ዓመት በኋላም በሕይወታቸው የበለጠ እርካታ እንደነበራቸው አሳይቷል። ገንዘቡንም በአንድ ሌሊት አልበተኑትም። «ሎተሪ የደረሰው ሁሉ ያብዳል» የሚለው ወሬ ምናልባት ያልደረሰን ሰዎች መጽናኛ ነው። ልማድ አለ፤ ሁሉን አይበላም።

ሁለተኛው ጸሐፊ ጎረቤት ነው። ይሄኛው ከበድ ይላል።

የኢኮኖሚክስ አባት የሚባለው አዳም ስሚዝ በ1776 ስለ አንድ ሸሚዝ ጽፎ ነበር። ከተልባ እግር ጨርቅ የተሠራ ሸሚዝ ለመኖር አያስፈልግም ይላል። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ያለሱ ተመችቷቸው ኖረዋል። በእሱ ዘመን ግን፣ በአብዛኛው አውሮፓ፣ ክብሩን የሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ ያለዚያ ሸሚዝ ሰው ፊት መቆም ያፍራል። ስለዚህ ሸሚዙ ቅንጦት ሳይሆን አስፈላጊ ነገር ሆኗል ብሎ ደመደመ። የዕለት ጉርስና የዓመት ልብስ የምንለው ልክ በየዘመኑ ይቀያየራል ማለት ነው። ልኩን የሚቆርጠውም ለባሹ አይደለም።

የዛሬውን ሸሚዝ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስማርት ስልክ ነው። ከ20 ዓመት በፊት የነበራቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ማንም ደሃ አልተባለበትም። ዛሬ በብዙ ቦታ የሥራ ማስታወቂያ የሚመጣው፣ ክፍያ የሚፈጸመው፣ የልጆች የቤት ሥራ የሚላከው በእሱ ነው። የሌለው ሰው ማፈር ብቻ ሳይሆን በር ይዘጋበታል። «ምን ቅንጦት አስፈለገህ?» ማለት ቀላል ነው። ሰውየው ግን ቅንጦት አልገዛም፤ የመግቢያ ትኬት ነው የገዛው። በዙሪያው ያሉት ሁሉ ከፍ ሲሉ እሱ ባለበት ለመቆየት ብቻ ተጨማሪ ያወጣል። ገቢው ሳይቀንስ ወራቱ ቀነሱ።

ነገሩ ግን ግዴታ ብቻ አይደለም፤ ፉክክርም አለበት። በ1998 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን ሁለት ዓለም አስመረጠ። በአንደኛው እርስዎ በዓመት 50,000 ዶላር ያገኛሉ፣ ሌላው 25,000። በሁለተኛው እርስዎ 100,000 ያገኛሉ፣ ሌላው 200,000። የዕቃ ዋጋ በሁለቱም እኩል ነው። ግማሽ ያህሉ የመጀመሪያውን መረጡ። ግማሽ ገቢያቸውን ጥለው ከሌላው መብለጥን ወሰዱ ማለት ነው። ያው ጥያቄ ስለ ዕረፍት ቀን ሲጠየቅ ግን መልሱ ተገለበጠ። አብዛኛው ሰው ሌላው ምንም ያህል ያግኝ፣ ለራሱ ብዙ ዕረፍት የሚሰጠውን መረጠ። በገንዘብ እንፎካከራለን፤ በጊዜ ግን ብዙም አንፎካከርም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ።

ሦስተኛው ጸሐፊ አገር ነው። ወይም ሕዝብ በጋራ የሚያዘጋጀው ነገር።

በ1924 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የካልቪን ኩሊጅ የ16 ዓመት ልጅ ያለ ካልሲ ቴኒስ ተጫወተ። እግሩ ጣት ላይ ውኃ ቋጠረ። ቁስሉ መረቀዘና ደሙ ተመረዘ። በቀናት ውስጥ ሞተ። አባቱ የታላቅ አገር መሪ ነው፤ ምርጥ የሚባሉ ሐኪሞች አልጋው አጠገብ ነበሩ። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» እንላለን፤ ለዚህ ልጅ ግን በምድርም አልተገኘለትም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን ያገኘው በ1928 ነው። በስፋት አገልግሎት ላይ የዋለው ደግሞ በ1940ዎቹ ነው። ዛሬ እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ልጅ፣ የጤና ጣቢያ ባለበት ሁሉ፣ ተራ በሆነ መድኃኒት ይድናል። የወላጆቹ ሀብት ይህን አላደረገም። የሳይንስ፣ የፋብሪካና የመንግሥት በጀት ድምር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ነው፤ ግን የሀብት ምክር ሲሰጥ ይረሳል። ሕክምና በጋራ በሚሸፈንበት፣ ጥሩ ትምህርት ቤት በነጻ በሚገኝበት፣ አውቶቡስ በሰዓቱ በሚመጣበት ቦታ የሚኖር ሰው የታችኛው ቁጥሩ ትንሽ ነው። ያው 20,000 አንዱ ጋ 20 ወር ያኖራል፤ ሌላው ጋ አንድ ቀዶ ሕክምና ሙልጭ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2023 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ በ2019 ሁለት ቢሊዮን ገደማ ሰዎች ለሕክምና ከኪሳቸው በሚያወጡት ገንዘብ ምክንያት ችግር ውስጥ ነበሩ። እነዚህን ሰዎች ስለ ቁጠባ መምከር ምን ያደርግላቸዋል? የሚያንጠባጥበው እንስራቸው አይደለም፤ ጣሪያው ነው።

ዘመድና ወዳጅም እዚህ ይገባል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው። ሃርቫርድ በ1938 የጀመረው፣ 724 ወንዶችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተከታተለው ጥናት በእርጅና ጤናና ደስታ ላይ ከሀብትና ከዝና ይልቅ የሰዎች ግንኙነት ጥራት እንደሚያይል ደጋግሞ አሳይቷል። እስማማለሁ። ነገር ግን ይህ ግኝት ለደሃ ሲነገር እንደ ማባበያ እንዳይሆን እፈራለሁ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ፍቅር ሞልቶት ብድር ግን አያገኝም። ድርቅ ወይም የፋብሪካ መዘጋት ሲመጣ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን ነው የሚመታቸው።

«ገንዘብ ደስታን አይገዛም» የሚለውም አባባል እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ የምሰማው ገንዘብ ካላቸው ሰዎች ነው። ጥናቱ ምን ይላል? በ2010 ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን በአሜሪካ መረጃ ላይ ተመሥርተው የዕለት ተዕለት ስሜት በዓመት 75,000 ዶላር ገደማ ላይ ሲደርስ መሻሻሉን እንደሚያቆም ጻፉ። ቁጥሩ በዓለም ዞረ። ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሰዎች ሕይወታቸውን በአጠቃላይ ሲመዝኑ የሚሰጡት ውጤት ከዚያም በላይ እንደሚጨምር ተጽፎ ነበር፤ ይሄኛውን ማንም አላወራውም። በ2021 ማቲው ኪሊንግስወርዝ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ስሜቱም ቢሆን መጨመሩን አያቆምም አለ። የሚገርመው ካህነማን ከዚህ ተቃዋሚው ጋር አብሮ ተቀምጦ መረጃውን እንደገና መረመረ። በ2023 ያወጡት መልስ፦ ለአብዛኛው ሰው ገቢ ሲጨምር ደስታም ይጨምራል፤ በጣም ለከፋቸው ጥቂቶች ግን 100,000 ዶላር ገደማ ላይ ሲደርስ ገንዘብ መርዳቱን ያቆማል። ሐዘን፣ ሕመም፣ ብቸኝነት ያለበትን ሰው ገንዘብ እስከ አንድ ቦታ ይሸኘዋል፤ ከዚያ አይዘልቅም።

ማጣት ደግሞ ከኪስ አልፎ ጭንቅላት ይገባል። በ2013 የታተመ ጥናት በሕንድ ታሚል ናዱ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ከምርት በፊትና ከምርት በኋላ ፈተነ። ያው ገበሬ፣ ያው ጭንቅላት። ገንዘብ ባነሰበት ወቅት በማሰብ ፈተና ላይ ያመጣው ውጤት ዝቅ ብሎ ተገኘ። «ደሃ የሆነው ስለማያስብ ነው» ለሚሉ ይህ ጥናት መልስ ይሆናል። ሰውየው ያስባል፤ ሐሳቡን የያዘው የነገ ዕዳ ነው። ከወራት ክምችት የሚገኘው ትልቁ ነገርም ምናልባት ይኸው ነው፤ ስለ ገንዘብ ሳያስቡ መዋል።

የበቃኝ ጉዳይም አለ። ቹክ ፊኒ በአየር ማረፊያዎች ከቀረጥ ነጻ ሱቆች ቢሊየነር የሆነ ሰው ነበር። በ1984 ድርሻውን በሙሉ ለማለት ይቻላል በድብቅ ለራሱ የበጎ አድራጎት ድርጅት አስተላለፈ። ድርጅቱ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰጥቶ በ2020 ተዘጋ። ፊኒ ርካሽ የፕላስቲክ ሰዓት ያስር ነበር፤ በመጨረሻ ዘመኑ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በኪራይ አፓርትማ ይኖር ነበር፤ በ2023 በ92 ዓመቱ ሞተ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ነገር ግን ለራሱና ለባለቤቱ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስቀርቶ እንደነበር አብሮ መነገር አለበት። ርካሽ ሰዓት ማሰር ያማረው ምርጫ ስለሆነ ነው።

አማርትያ ሴን፣ በ1998 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ምሁር፣ ይህን በአንድ ምሳሌ ለይቶታል። የሚጾም ሰውና የሚራብ ሰው ሁለቱም ሆዳቸው ባዶ ነው። የሚጾመው ግን መብላት ይችላል። ከውጭ ለሚያይ አንድ ይመስላሉ፤ በሀብት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሴን ሀብትን የሚመዝነው ሰው በያዘው ዕቃ አይደለም፤ ሊያደርግና ሊሆን በሚችለው ነገር ነው። «በጥቂቱ ኑር» የሚለው ምክርም በዚህ ሚዛን ሁለት ፊት አለው። የታችኛውን ቁጥር በፈቃድ መቀነስ ወራት ይጨምራል። ተገዶ የቀነሰ ሰው ግን ምንም አልጨመረም፤ የሚቀነስ ነገር አልቆበታል እንጂ።

ቅድም ያዙልኝ ወዳልኩት የጊዜ ጉዳይ ልመለስ። በ1930 እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆን ሜይናርድ ኬንስ በመቶ ዓመት ውስጥ ባደጉት አገሮች ኑሮ ከአራት እስከ ስምንት እጥፍ እንደሚሻሻል ተነበየ። ያኔ ሰዎች በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ቢሠሩ በቂ ይሆናል አለ። የመጀመሪያው ትንበያ በአመዛኙ ያዘለት። ሁለተኛው ግን ከሸፈ። የሥራ ሰዓት ከዚያ ዘመን ቀንሷል፤ ቢሆንም በእነዚያው አገሮች ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ሰው ሳምንት አሁንም ከ15 በእጥፍ ይበልጣል።

ኬንስ ሞኝ አልነበረም። የሰው ፍላጎት ሁለት ዓይነት መሆኑን በዚያው ጽሑፍ ጠቅሶታል። አንደኛው ሌላው ምንም ይኑረው ምን የሚሰማን ነው። ሁለተኛው ከሌላው የመብለጥ ፍላጎት ነው፤ ይሄኛው ማለቂያ ላይኖረው ይችላል ብሏል። የመጀመሪያው ሲሟላ ሰዎች ጉልበታቸውን ወደ ሌላ ነገር ያዞራሉ ብሎ ገመተ። የተገኘው ጭማሪ ግን በአብዛኛው ወደ ሰዓት አልተለወጠም፤ የታችኛው ቁጥር እየተከተለ በላው።

ሁሉንም በፉክክር ላይ ግን አልጥልም። ጭማሪው ለሁሉም እኩል አልተከፋፈለም። ከደመወዙ ግማሹን ለቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ዛሬ ሰዓቱን ቢቀንስ ነገ ደጅ ነው። ለእሱ የታችኛውን ቁጥር የጻፈው የራሱ ልማድም የጎረቤት ዓይንም አይደለም፤ አከራዩ፣ የሆስፒታል ደረሰኙ፣ የትምህርት ቤት ክፍያው ነው። አጭሩ ቪዲዮ እንደሚለው ማልዶ ቢነሳ፣ ወጪውን በማስታወሻ ቢጽፍ፣ ሁለት ወሩን ምናልባት ሦስት ያደርገው ይሆናል። ሃያ ለማድረስ ግን ኪራዩ፣ ሕክምናው ወይም የትምህርት ወጪው መቀነስ አለበት፤ እነዚህ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤትና ከምክር ቤት ውሳኔ ውጭ እምብዛም አይቀንሱም።